ቢጫ ሻሽ የጠመጠሙት

«አንድ ሠራዊት ይምረጡ፣ እማማ፤ ጨዋታ ነው» አለ ቤታቸውን የተከራየው ፈረንጅ አስተማሪ፣ ቀለም የቀባቸውን ትንንሽ የጥንት ቻይና ወታደሮች መደቡ ላይ ደርድሮ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ለጨዋታ የሚሆን ልብ አልነበራቸውም። ልጃቸው በእርሻ ግብር ካመፁት ጋር ቆላ ወርዷል። እሳቸው ግን «ሞጣ አጎቱ ዘንድ ነው» ብለዋል፤ ይህንኑ ሊያጣራ ቢቸና ቤታቸው ድረስ የተላከው አምሳ አለቃ አጠገባቸው ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል። እምቢ ማለትም ያስጠረጥር ይሆናል ብለው ፈሩ።

ባለ ሠረገላዎቹን አለፏቸው፤ የንጉሡን ዘበኞችም አለፏቸው። ከዳር የቆሙትን ባለ ቢጫ ሻሾች ሲያዩ ልባቸው አረፈ። ቢጫ የሚለብስማ መናኝ ነው፤ መናኝ ደግሞ ማንን ይነካል? «እኔስ እነዚህን ነው የምወድ» አሉና አንዱን አነሡ።

«ጎበዝ!» ብሎ አጨበጨበ ፈረንጁ። «እነዚህ ገበሬዎች ናቸው፤ በንጉሣቸው ላይ ያመፁ!»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ክው አሉ። አምሳ አለቃው ግን ጠላው ትን እስኪለው ሳቀ። «ኧረ እማማ! በእርጅና ሸፈቱብን እኮ!» እሳቸውም በፍርሃት አብረው ሳቁ። ሰውየው ዓይኑን እየጠረገ ወደ ፈረንጁ ዞረ። «ለመሆኑ መምህር፣ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«ሁሉም አለቁ» አለ ፈረንጁ።

«ወይኔ ልጄን!»

ወይዘሮ ፈንታነሽ አፋቸውን በነጠላቸው የያዙት ቃሉ ከወጣ በኋላ ነበር። አምሳ አለቃው ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። ቆቡን አጠለቀና ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ።