የምሳው ቦታ

ዱላዬ አየሩን ገርፎ ያልፋል። ከወይራ ሥር የተጠረበችው ጥንግ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ጉድጓድ ውስጥ ናት!» እላለሁ። «ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠች ጥንግ ማን መትቶ ያውቃል? ይሄ ፈተና አይደለም፣ ወጥመድ ነው!»

የታች ሰፈር አለቃ ንጋቱ ጎንበስ ብሎ ጥንጓን ያነሳና ደልደል ያለ መሬት ላይ ያኖርልኛል። ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። «እሺ መምህርት፣ እንደገና ይሞክሩ።»

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ትሕትናው ነው።

የገና ዕለት ከሰዓት ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው የታጨደ ማሳ ላይ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የገና ዱላቸውን ይዘው ተፋጠዋል። ጨዋታው ግን አልተጀመረም፤ ታች ሰፈር አንድ ሰው ጎድሎታል። የጎደለው ወንድሜ ምሳው ነው። ዘንድሮ ሳዑዲ፣ ጅዛን ውስጥ የሰው ፍየል ይጠብቃል። ትናንት ደውሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በቦታዬ ማን ሊገባ ነው?»

«እኔ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በእጄ የያዝኩት የእሱ ዱላ ነው።

ንጋቱ ቃል ሰጥቶኛል፤ ጥንጓን ማሳው ጫፍ ላይ ካለው ግራር ወዲያ ካሳለፍኳት ቦታው የእኔ ነው። ካላሳለፍኳት ከሌላ ሰፈር ሰው ይለምናሉ። ሴት ገና አትመታም የሚለውን ክርክር ጠዋት ጨርሼዋለሁ፤ የት እንደተደነገገ አሳዩኝ ብዬ። ጥንጓ ግን ክርክር አትሰማም።

የላይ ሰፈር አቀንቃኝ ወልደ ኢየሱስ መጠበቁ ስለሰለቸው ያገኘውን ሁሉ ይሰድባል። የገና ዕለት ተጫዋች ቢሰደብ አይቆጣም፤ ጌታም ቢሆን።

«የንጋቱ ቅልጥም የመቃ አገዳ፣
ጥንግ መጣች ሲሉት ይሮጣል ወደ ጓዳ!»

ንጋቱ ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«እኔንስ?» እላለሁ።

ወልደ ኢየሱስ ባርኔጣውን ያወልቃል። «ኧረ መምህርት! ልጆቼን ያስተማሩልኝን ሰው በምን አፌ?»

ከዚህ የባሰ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። በንዴት እመታለሁ። አፈርና ገለባ ይቦናል፤ ጥንጓ ሁለት ክንድ ያህል ተንከባልላ ትቆማለች። ማንም አይስቅም። ለምን አይስቁም?

«ይበቃል፣ መምህርት?» ይላል ንጋቱ ዝግ ብሎ።

«ቆይ! ምን ይበቃል!» ሀሚዳ ሰው እየገፋች ትገባለች። ጓደኛዬ ናት፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ትነግዳለች፤ ከዚያ በፊት ዱባይ ሰው ቤት ሠርታለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ክንድሽ ብቻውን ነው እኮ የሚሄደው። ሌላው ሰውነትሽ ቤት ተኝቷል!»

«አንቺ ደግሞ ገና መቼ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጎልፍ አውቃለሁ።»

አሁን ሰዉ ይስቃል።

«ወላሂ አውቃለሁ! እመቤቴ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ስትለማመድ ፎጣ በብብቷ ትሸጉጥ ነበር። ክንዷ ከደረቷ ተለይቶ ሲነሳ ፎጣው ዱብ! የማነሳው እኔ፣ የማጥበው እኔ። ሳይወድቅባት የመታች ቀን ኳሷ አጥር ዘላ የጎረቤት መስኮት ሰበረች።» ከቦርሳዋ መሀረብ አውጥታ ግራ ብብቴ ውስጥ ትወትፈዋለች። «ዱላውን በክንድሽ አታንሺው። ደረትሽን አዙሪ፣ ክንድሽ ከሱ ጋር ይሂድ። ጀርባሽ ግራሩን እስኪያይ ድረስ።»

«እስከዚያማ ጥንጓን ይቀሙኛል!»

«ቆመው እያዩሽ ማን ይቀማሻል? አፍሽን ዝጊና ዙሪ!»

ያለ ጥንግ እሞክራለሁ። መሀረቡ ይወድቃል። ደግሜ እሞክራለሁ፤ ይወድቃል። የሚወድቀው ገና ስጀምር ነው፤ ወገቤ ሳይነቃነቅ እጄ ተነስቶ አልቋል። እጄ ልክ እንደ አፌ ነው ለካ፤ ሌላው ሳይጨርስ ይነሳል።

ጥንጓ ፊት እቆማለሁ። መሀረቡን ቆንጠጥ አደርጋለሁ። ደረቴ ይዞራል፤ ክንዴ ከደረቴ ጋር ይሄዳል፤ ቀኝ ጭኔ ክብደቴን ሲቀበል ይሰማኛል፤ እግሬ ሥር ገለባው ይንኮሻኮሻል። ጀርባዬ ወደ ግራሩ ነው። እጄ ቸኩሏል፤ ልሂድ፣ ልሂድ ይላል። አስጠብቀዋለሁ።

ከዚያ ወገቤ ይቀድማል።

ጧ!

ድምፁ ክርኔ ውስጥ ሳይሆን አጥንቴ ሁሉ ውስጥ ይገባል። ጥንጓን አላየኋትም፤ ያየሁት ከግራሩ አናት ብር ብለው የተነሱትን ወፎች ነው። ሀሚዳ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ወዲያ ማዶ፣ ከግራሩ ብዙ አልፎ፣ አቧራ ቡን ይላል።

ወደ ንጋቱ እዞራለሁ፤ አልተቆጠረም ካለ የምመልስለት አፌ ላይ ተዘጋጅቷል። ንጋቱ ግን ዱላውን ወደ ሜዳው ቀስሮ «ቦታ ያዙ!» እያለ ይጮሃል፤ ለሁላችንም።

ወልደ ኢየሱስ ባርኔጣውን መልሶ ይደፋል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። አይኑን እኔ ላይ ተክሎ ግጥሙን ያወርደዋል፦

«ሶስናን አያችሁ ዱላዋን አንስታ፣
ጠዋት ጀምራው ልትመታ ነው ማታ!»

ላይ ሰፈር በሙሉ እየዘለለ ይቀበለዋል። ስሜን እየጠሩ፣ ጥርሳቸውን ገልፍጠው ይሰድቡኛል፤ ደግመው ደጋግመው።

ወደ ምሳው ቦታ እሮጣለሁ። መሀረቡ ከብብቴ አልወደቀም።