ቆማ የምትጠጣው ጀልባ

ዘንገና ሐይቅን ያየ ሰው ያውቃል፤ እዚህ ዳር ቆመው ቢጣሩ እዚያ ዳር ያለው አቤት ይላል። ጀልባ ብትሄድበት የት ትደርሳለች? እንግዶቿን ጭና አንድ ዙር ትዞርና ተመልሳ እዚያው ግንዷ ላይ ትታሰራለች። ሆኖም በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጀልባዋ የት እንደዋለችና ስንት ነዳጅ እንደጨረሰች የሚናገር መሣሪያ ከእንጅባራ መጣላት።

መሣሪያዋ መዳፍ የምታህል፣ ከጀልባዋ ባትሪ ጋር በሽቦ የምትያያዝ ጥቁር ሣጥን ናት። ግንባሯ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለቻት። ከሰማይ ሳተላይት ጋር ትነጋገራለች፣ ያየችውንም በኔትወርክ ጀልባዋን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስልክ ትነግራለች ተባለ። ስለ እሷ ዳንግላ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሥልጠና ተሰጠ። ኃላፊው ሠለጠነ፣ ጸሐፊዋ ሠለጠነች፣ የመኪናው ሾፌር እንኳ ሠለጠነ። የጀልባዋ ነጂ ብቻ ሥራ ላይ ስለነበር ቀረ።

ነጂው ሽባባው ይባላል፤ ጭምት ሰው ነው። ቤቱ የሚያወራው በአገውኛ ነው። አማርኛን እንደ ቤተ ክርስቲያን ልብሱ ተጠንቅቆ ያወጣታል፤ የተነገረውንም እንደተነገረው አጥፎ ያስቀምጣል። ኃላፊው አቶ አወቀ ሣጥኗን ሲያስረክበው ምስክር ሆና የቆመችው የነዳጅ መጋዘኑ ጠባቂ ወይዘሮ ዋጋዬ ነበረች።

«ስማ ሽባባው» አለው አቶ አወቀ፣ «ይቺ ዕቃ ለአንዲት ደቂቃ እንዳትጠፋ። እሷ ጠፋች ማለት ያንተም እንጀራ ጠፋ ማለት ነው።»

ሽባባው በሚካኤል ማለ። በሕይወት እያለሁ አትጠፋም አለ።

ዋጋዬ እንግዲህ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኖረች ሴት ናት። ፊደል ባትቆጥርም ጀሪካን በእጇ ነቅነቅ አድርጋ ስንት ሊትር እንደያዘ ትነግራችኋለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ኑሮዋም ክብሯም ያ ቁልፍ ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአቶ አወቀ ስልክ ጮኸ። ጀልባዋ የሄደችው ዜሮ ኪሎ ሜትር፤ ያለቀ ነዳጅ አሥራ ስምንት ሊትር። በማግስቱም ዜሮና አሥራ ስምንት። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ እንግዳ ከቀረ ሰንብቷል፤ ጀልባዋ ከግንዷ ንቅንቅ አላለችም።

አቶ አወቀ ዋጋዬን አስጠራት። ነዳጁ የሚወጣው እሱ ራሱ በፈረመበት ወረቀት መሆኑን ብትነግረው፣ የሚፈርመውን ሁሉ ሊያነብ ነው ወይ የተቀመጠው ብሎ ተቆጣት። ሽባባው የጀልባዋ ባትሪ አርጅቶ ኃይል አልይዝ ስላለ ይቀየርልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አጽፎ እንደነበርም ራሱ አቶ አወቀ አነሣ፤ ነዳጁ አልበቃው ብሎ ባትሪ መሸጥ አማረው እያለ ሳቀ።

«ጀልባ ቆማ አትጠጣም፣ እትዬ ዋጋዬ። እናንተ ሁለታችሁ ባጃጅ እያጠጣችሁ ነው» አላት። «እስከ ዓርብ ሌባው ካልተያዘ ቁልፉን ያስረክቡ።»

ያን ዕለት ዋጋዬ ነገሩን ስታሰላ ዋለች። እሷ ጠብታ አልነካችም። የቀረው ሽባባው ነው።

ማክሰኞ ዕለት፣ የሰፈሩ ወፍጮ ከተሰበረ ወዲህ እንደምታደርገው፣ አዘና ድረስ ሄዳ አስፈጭታ ከሚኒባስ ስትወርድ፣ የሽባባውን ሚስት ሽታዬን አገልግል ይዛ ወደ ሐይቁ ስትጣደፍ አገኘቻት። ሽታዬ ብሶቷን ዘረገፈችው። ባሏ ሣጥኗ ከመጣች ጀምሮ ቤቱ አያድርም፤ የወንድሙ ልጅ ስትዳር አልሄደም፤ የሚካኤል ማኅበር ተራው ደርሶ በሰው ነው ያስደገሰው።

«ከዚያች ሣጥን ጋር ተጋብቷል እኮ» አለች ሽታዬ። «እኔማ ምሳ አመላላሽ ሆኜላቸዋለሁ።»

ዋጋዬ አልሳቀችም። ቀን ከሌት ከጀልባ የማይለይ ሰው ገዢ የሚጠብቅ ሰው ነው አለች በልቧ። ሄዳም ለአቶ አወቀ ነገረችው። ስትነግረው ሆዷ ባባ፤ ሽባባው ለባሏ ሙት ዓመት ድንኳን የተከለላት ሰው ነውና። ግን ቁልፉስ?

ዓርብ ረፋዱ ላይ አቶ አወቀ፣ ዋጋዬና አንድ ፖሊስ በእግር መንገዱ ወደ ሐይቁ ወረዱ። መንገዱ ያዳልጣል፤ ፖሊሱ ሁለት ጊዜ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ጦጣዎቹ ከዛፍ ላይ ሆነው አዩዋቸው። ከታች፣ ሰሞኑን ጆሮ እንደለመደው፣ ወፍጮ ያጉረመርማል። አቶ አወቀ በየመሃሉ ስልኩን እያየ፣ ሰው ያቃተውን ሌባ መሣሪያዋ በወር ውስጥ አጋለጠችው፣ ይህ ለዞን በሪፖርት ይገባል ይል ነበር።

ሽባባው ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ውሃው ሲወርድ ከቁጥቋጦው ወጡበት። አቶ አወቀ ክንዱን ያዘው።

«ገዢህ የታል?»

«የምን ገዢ?» አለ ሽባባው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል።

ዋጋዬ ጀሪካኑን ከእጁ ወስዳ ነቅነቅ አደረገችው። ጠዋት እሷው የሰጠችው ልክ ነው፤ ጠብታ አልጎደለም። ቀና ስትል ጀልባዋን አየቻት። ግንዷ ላይ እንደታሰረች ትንቀጠቀጣለች፤ ከኋላዋ ጭስ ውሃው ላይ ይሳባል። ወፍጮ የመሰላት ድምፅ የሚወጣው ከጀልባዋ ነው። ውስጧ አንድ ጋቢ እና የሽታዬ አገልግል አለ።

«አንተ ሽባባው» አለች ዋጋዬ ቀስ ብላ፣ «የማትሄድ ጀልባ ሞተሯን ስለ ምን ታስነሣዋለህ?»

ሽባባው በጣቱ አረንጓዴዋን መብራት አሳያት፤ «ሞተሩ ከቆመ ትጠፋለቻ፣ እትዬ። ጌታው ለአንዲት ደቂቃ እንዳትጠፋ አላሉም?»