የደፉ ቀለም

ደሳለ የላሊበላ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ፎቶዎችን ያነሳል። የዛገ ማንቆርቆሪያ፣ የተላጠ በር፣ ቀለሙ የለቀቀ ሳጥን ያነሳና በስልኩ ቀለማቸውን እንዳሻው ይቀያይራል። ባለዕቃዎቹን ይንቃቸዋል፤ ገዢዎቹንማ ይበልጥ።

ብልባላ ወደምትባል መንደር ወርዶ የአሮጊቷን የወይዘሮ ገለቴን ዕቃዎች ሲያነሳም ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። እዚያው ቤታቸው ቁጭ ብሎ ማንቆርቆሪያውን ሐምራዊ አደረገና ሊስቅባቸው አሳያቸው።

«አዬ ልጄ! ስገዛው እንዲህ ነበር» አሉ።

«ሐምራዊ ማንቆርቆሪያ? የት አገር?» ደሳለ በአፍንጫው ሳቀ። ሳጥኑን ደግሞ ብርቱካናማ አድርጎ ነጭ ነጠብጣብ ረጨበት።

«ነጠብጣቡንም አገኘኸው! ባሌ ነው በጣቱ የቀባው።»

ክዳኑን ከፍተው አሳዩት። ፀሐይ ያልነካው የውስጡ ጠርዝ ብርቱካናማ ነው፤ ነጭ ነጠብጣብም አለበት።

ደሳለ ደንገጥ አለ። ቢሆንም በእኚህ ባልቴት ፊት መደንገጡ አናደደው። ሊያሳፍራቸው ፈልጎ የበሩን ፎቶ ከፈተ። በሩን አልነካውም፤ ግራጫውን የድንጋይ ደፍ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ቀይ አደረገው።

«ይሄስ፣ እማማ? ይሄም እንዲህ ነበር?»

ወይዘሮ ገለቴ ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩት። ፈገግታቸው ጠፋ።

«እሱንማ አጥበነው ነበር» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ማን ነገረህ?»

ከዚያ ተነሱና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።