እርሳስ ለምን እርሳስ ተባለ?

ሙሴ ረቡዕ ከሰዓት የሚዛን ከተማን ጭቃ እየረገጠ ሲንከራተት ዋለ። ከሸኮ መጥቶ እትዬ ማናልሞሽ ጓሮ ክፍል ከተከራየ ገና ወሩ አልሞላም፤ በከተማው የሚያውቀው ሰው የለም።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ማዕድናት እየተወራ ሳለ ዙሌይካ እጇን አወጣች።

«የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ከሆነ፣ ታዲያ ለምን እርሳስ በሚባለው ብረት ስም ይጠራል?»

የሁሉም ዓይን ሙሴ ላይ አረፈ። ላብ አጠመቀው። ደግነቱ ደወል ተደወለና መልሱ ለነገ ተቀጠረ።

የባሰው ደግሞ ነገ ርእሰ መምህሩ ክፍል ገብተው ሊያዩት ነው። «ካልሆነልህ ወደ መጣህበት ትመለሳለህ» ብለውታል። ቀልድ የሚባል አያውቁም።

ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፏል፤ ቁልፍ ያዧ ለቅሶ ለመድረስ ወደ አማን ሄዳለች። ኢንተርኔት ቤቱ መብራት የለውም። እትዬ ማናልሞሽን ቢጠይቃቸው፣ «ኧረ ተወኝ፣ ጥናቱ ይቅርና እህል ቅመስ!» አሉት።

መንገድ ዳር የሚሠራውን አናጢ ጥበቡን ቢጠይቀው፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ገላመጠው።

«ስምህ ማነው?»

«ሙሴ።»

«ለምን ሙሴ አሉህ?»

«እኔ እንጃ።»

«እሱም እንደዚያው ነው!» ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

አንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ፣ «ጩጬ፣ ዝናብ ሳይመታህ ቤትህ ግባ!» ብሎት አለፈ። ሙሴ አጭር ነው፤ ጢምም አላበቀለም። ጩጬ መባል ቢለምድም የዛሬው አንገበገበው።

ሊመሽ ሲል ተስፋ በቆረጠ ድምፅ መድኃኒት ቤት ያላቸውን ጋሽ ከድርን ጠየቃቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አየህ ልጄ፣ የድሮ ሰዎች ያንን ጥቁር ማዕድን ሲያገኙ የእርሳስ ዓይነት መሰላቸው። እርሳስ ብረትም እኮ ወረቀት ላይ ሲጎተት ግራጫ መስመር ይተዋል። ሌላ ነገር መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። ዐረቡም ብረቱን ‹ረሳስ›፣ መጻፊያውንም እስከ ዛሬ ‹የረሳስ ብዕር› ነው የሚለው። የእኛም ቃል የዚያው ዘመድ ነው።»

ሙሴ ዘሎ ሊስማቸው ምንም አልቀረውም።

«ቆይ፣ ይህን መምህርህ አይነግርህም?» አሉት።

ሙሴ አንገቱን ደፋ። «አያውቅም፣ ጋሼ።»

«አያውቅም? ደሞዝ መቀበል ግን ያውቃል! ሂድና ንገረው፤ ከድር ሰነፍ ብሎሃል በለው!»

«እሺ… እነግረዋለሁ» አለና ወጣ። ጆሮው እስኪግል ድረስ ተናዷል። መንገዱን ሙሉ መልሱን ደጋገመው።

ሐሙስ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ቀድመው ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዙሌይካ ከፊት ሆና በሩን በሩን ታያለች። ሙሴ ገባ።

ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። «እንደምን አደሩ፣ ቲቸር!»