በሰውነት ውስጥ የሚዞረው

የልጅ ልጄ ማኅደር ለመልቀቂያ ፈተና ጮክ ብላ ታጠናለች። «እምዬ፣ በየሴላችን የሲትሪክ አሲድ ዑደት የሚባል አለ። የበላነው ገብቶ እንደ መዘውር ይዞራል፤ ከዚያ ጉልበት እናገኛለን። ኦክስጅን ካጣ ግን ይቆማል።»

«እኔ ስሙን ሳላውቅ ሰባት ልጅ አሳድጌበታለሁ» አልኳት።

«አንቺንማ መዘውሩም ይፈራሻል!» ብላ ሳቀች።

የሐምሌ ብርድ እንዳይመታት በርና መስኮቱን ዘጋሁ፤ የጋመ ከሰል ከእግሯ ሥር አኑሬላት ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች። ብጠራት፣ ብጠራት አልነቃችም።

ለቅሶ ተቀምጬ እንኳ የንባቧ ድምፅ ከጓዳ ይሰማኝ ነበር፤ «ይቆማል» ስትል ትንፋሼ ይያዛል።

መምህሯ ሊያጽናናኝ መጥቶ፣ «እማማ፣ ከሰሉን ማን አስገባው?» አለኝ።

«ራሷ ናት። ተይ ብያት ነበር» አልኩት።