የተቆለፈው በር

ለሥነ ልቦና ባለሙያዋ ደጋግሞ የሚነግራት ያንኑ ትዝታ ነው። በአምስት ዓመቱ የተቆለፈ በር ፊት ቆሞ ያለቅሳል፤ በሩ ይደበደባል፤ እናቱ ግን ከውስጥ አትከፍትለትም። አሁን እናቱ በሞት አፋፍ ላይ ሆና ልጄን አምጡልኝ ትላለች። እሱ አልሄድም ብሏል።

"ከመወሰንዎ በፊት ያን ቀን የነበረ ሰው ቢጠይቁስ?" አለችው ባለሙያዋ።

ለአክስቱ ደወለ።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ እማዬ ያኔ ለምንድን ነው ያልከፈተችልኝ?"

"ምን ነካህ አንተ! አእምሮዋን ታማ አባትህ እኮ ነው የቆለፈባት። በሩን ስትደበድብ የዋለችው እሷ ናት።"

"እኔስ?"



"እናትህ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር" አለች አክስቱ። "አባትህ እንዳትከፍትላት ብሎህ ሄደ። ወደ ማምሻው ስደርስ ቁልፉን ከእጅህ ማስለቀቅ አቃተኝ።"