ኡምሰልማ የገነባችው ሆድ

ኡምሰልማ የቅቤውን ብልቃጥ ከሻርፗ ሥር ሸሽጋ ወደ ሆስፒታሉ ክፍል ትገባለች። ባሏ ሀይቤ ኦክስጅን ተሰክቶለት ተጋድሟል። ኮሮና ከያዘው ወዲህ ትንፋሹ አጥሯል፤ እሷ ደግሞ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ቅቤና የግመል ወተት ነው ባይ ናት።

ማንኪያውን ወደ አፉ ስታስጠጋ ዶክተር ሔመን ክንዷን ያዝ ታደርጋታለች።

«ይቆይ እናቴ። እንዲህ እያለከለከ ትን ይለዋል።»

«አቅም እንዲያገኝ ብዬ ነው ልጄ። ደግሞ ይህን የመሰለ ሰውነት ይዞ ጉንፋን ይጥለዋል?»

«ሰውነቱም እኮ ነው ያስቸገረን። ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይልካል። እሱ ሲበዛ በሽታ የሚከላከሉልን ሴሎች ያለ ልክ ይቆጣሉ። ቫይረሱን እናባርራለን ብለው ሳንባውን ራሱን ያቆስሉታል። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው አልልም፤ አንዱ ግን እሱ ነው።»

ኡምሰልማ ወንበሩ ላይ ዘፍ ትላለች። ኦክስጅኑ በጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ውጭ ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች መዶሻ ከሩቅ ይሰማል። ዓይኗ ይከደናል። በስደተኞች ካምፕ ያገኘችው ሀይቤ ይመጣል፤ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል። ከጦርነቱ በኋላ ሀርጌሳ ሲገቡ እሱ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር የፈረሰውን ቤት ሠራ፣ እሷ እሱን ሠራች። በየኢዱ ሰፋ ያለ ሽርጥ ስትገዛለት ጎረቤቷ አስሊ «ቤቱ አልበቃ ብሎሽ ባልሽ ላይ ፎቅ ልትጨምሪበት ነው?» ትላት ነበር። አሁን ያ ሁሉ ስብ በደሙ ውስጥ ግቢ ሙሉ ሴት ሆኖ ያወራል፤ ዝም የሚያሰኘው የለም።

«እኔው ነኝ ለዚህ ያበቃሁት?» ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እርስዎማ ከረሃብ ነው ያወጡት። አሁን በሆዱ እናስተኛው፤ ሳንባው ይከፈትለታል።»

ሆዱ ግን አላስተኛ ይላል። ነርሶቹ ሲገለብጡት ተመልሶ ይንከባለላል። ኡምሰልማ ትነሳለች። እርጉዝ ሳለች ካምፑ ውስጥ አሸዋውን ለሆዷ ጎድጎድ አድርጋ ትተኛ ነበር። ብርድ ልብሶቹን ታጣጥፍና ፍራሹ ላይ በክብ ትደረድራቸዋለች፤ መሀሉን ባዶ ትተወዋለች።

«እዚህ ላይ አውርዱት።»

ሀይቤ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ ከፍ ማለት ይጀምራል።

«ቅቤው የት ሄደ?» ይላል ፊቱ ትራሱ ውስጥ እንደተቀበረ።

«አንተ ብቻ ተንፍስልኝ።»

መዳፏን ጀርባው ላይ ታደርጋለች። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ጫን ስታደርገው ከሥር ያ የካምፑ ጎድን ይነካታል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።